ሕጉ የፈቀደልንን ጠረጴዛ መርከቡ ከለከለን

በኮቪድ ዘመን ስለወጡት የርቀት ሕጎች ብዙ ተብሏል። ትምህርት ቤቱ፣ ሠርጉ፣ ለቅሶው ሁሉ ተነስቷል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ነገር ግን ብዙም አልተነሳም። እኔ ላነሳው እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ለብቻው የነበረ ሰው ላይ የደረሰውን ሁሉ ቫይረሱ አላመጣውም። ከፊሉን ያመጡት ሕጉን ሥራ ላይ ያዋሉ ድርጅቶች ናቸው። ለአሠራር የሚቀላቸውን መረጡ። ዋጋውን የከፈለው ብቻውን ያለው ሰው ነው።

ይህን የምለው ከመዝናኛ መርከብ ተነስቼ ነው። በ2021 ጁን ላይ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነስቶ የእንግሊዝን የባሕር ዳርቻ በሚዞር መርከብ ብቻዬን ተሳፍሬ ነበር።

ለሽርሽር ሄዶ ስለ ብቸኝነት ማማረር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። በዚያ ወቅት እናቱን እንኳ በወጉ ሳይቀብር የቀረ አለ። ግን ብቻውን የሚሳፈረው ማን እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው። ብዙዎቹ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ወይም ሳያገቡ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ጉዞ በፊት ከዓመት በላይ ቤታቸውን ዘግተው ከርመዋል። የመጡት ሰው ፈልገው ነው።

መርከብ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነበር። ሆቴል ብቻህን ብትሄድ ብቻህን ትበላለህ። የድሮው የመርከብ ልማድ ግን ማታ ማታ ስምንት ሰው በሚይዝ ጠረጴዛ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ያስቀምጥሃል። በማግስቱም እዚያው ጠረጴዛ፣ ከእነዚያው ሰዎች ጋር። ሦስተኛው ምሽት ላይ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ታውቃለህ። መርከቡ ወደብ ሳይነካ በሚውልበት ቀን ለብቻቸው የመጡ ሰዎች ቡና ላይ እንዲገናኙ ይጠራሉ። አንዳንድ ድርጅቶችማ ብቻቸውን ለመጡ ሴቶች የዳንስ አጋር የሚሆኑ ወንዶችን ሳይቀር ያሳፍራሉ።

ይህ ሁሉ በነፃ አይደለም። የመርከብ ዋጋ የሚሰላው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ያድራል ተብሎ ነው። ብቻህን ስትመጣ የሌለውን ሰው ሒሳብ ጭምር ትከፍላለህ። አንዳንዴ እጥፍ ይደርሳል። በ2010 ሥራ የጀመረው ኖርዌጂያን ኤፒክ የተባለው መርከብ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠሩ 128 ትንንሽ ክፍሎች ይዞ ብቅ ሲል ብዙ የተወራለት ለዚህ ነው። ለእነዚያ ክፍሎች እንግዶች ብቻ የሚከፈት የጋራ ሳሎንም ነበረው። ነገሩ የገባው ሰው ነው ያንን ሳሎን ያሰበው። ብቻውን የሚመጣ ሰው ከአልጋው እኩል ጨዋታ ይፈልጋል።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለው መርከብ ጃፓን ውስጥ ዮኮሃማ ወደብ ላይ ሲታገድ 3,711 ሰዎች ነበሩበት። 712ቱ በበሽታው ተያዙ። ከአሥር በላይ ሞቱ። ማርች 14 ቀን 2020 ሲዲሲ፣ ማለትም የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ መርከቦች መንገደኛ ይዘው እንዳይጓዙ አዘዘ። መንገደኛው ወደ ቤቱ ሲላክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የመርከብ ሠራተኞች ባሕር ላይ ቀሩ። ብዙዎቹ ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ አገራቸው የሚገቡበትን ቀን ሲጠብቁ ከረሙ። ስለ መርከብ ላይ ብቸኝነት ከተወራ መጀመሪያ መነሳት ያለባቸው እነሱ ናቸው። የእኔ ጉዳይ ከእነሱ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

ስለዚህ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ጥንቃቄውን አልቃወምም። ኦገስት 2020 ላይ ኤምኤስሲ ግራንዲዮሳ የተባለው መርከብ ከጣሊያኗ ጄኖዋ ሥራ ሲጀምር መንገደኛው ተመርምሮ ነው የተሳፈረው። ወደብ ላይ መውረድ የሚቻለውም መርከቡ ካዘጋጀው ቡድን ጋር ብቻ ነበር። ኔፕልስ ላይ ከቡድኑ የተነጠለ አንድ ቤተሰብ ተመልሶ እንዳይሳፈር ተደረገ። ጥብቅ ነው፤ ግን ይገባኛል።

እንግሊዝ ውስጥ የአገር ውስጥ የመርከብ ጉዞ የተፈቀደው ሜይ 17 ቀን 2021 ነው። መርከቦች ቢበዛ 1,000 ሰው ወይም የአቅማቸውን ግማሽ፣ ከሁለቱ ያነሰውን እንዲጭኑ ተባለ። ጣሪያ ሥር አብሮ መቀመጥ የሚቻለው ደግሞ እስከ ስድስት ሰው፣ ወይም የሁለት ቤት ሰዎች ሆነው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስድስቱ ሰዎች ከአንድ ቤት ይሁኑ አልተባለም። ከስድስት የተለያየ ቤት የመጡ ስድስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይችሉ ነበር። ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት ገብተህ ይህን ብታደርግ ማንም አይናገርህም። ለብቻችን የተሳፈርን ሰዎችም በስድስት በስድስት ሆነን እራት ብንበላ ሕግ አንጥስም ነበር። እኔ የተሳፈርኩበት መርከብ ግን ነገሩን በቲኬት ለካው። በአንድ ቲኬት የተመዘገበ አብሮ ይቀመጣል። ከዚያ ውጪ አይሆንም። ባልና ሚስት ሁለት ሆኑ። ቤተሰብ አራት አምስት ሆነ። እኔ አንድ ሆንኩ።

የምግብ አዳራሹ ውስጥ የተሰጠኝ ለሁለት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ነበር። አስተናጋጁ ከፊቴ ያለውን ሹካና ብርጭቆ በየምሽቱ እየመጣ ያነሳዋል። ደግ ልጅ ነበር። እንዴት እንደዋልኩ ይጠይቀኛል። ግን ሥራ አለበት፤ ቆሞ ሊያጫውተኝ አይችልም። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ባንኮኒ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ቲያትር ቤቱ ውስጥ በግራም በቀኝም ወንበሩ ባዶ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ሌላው በቡድን ሲንሾካሾክ እኔ መልሱን ለራሴ እጽፋለሁ። ዳንስ የሚባል ነገር የለም።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱ እንኳ ተለውጧል። ድሮ ተሳፋሪው ሁሉ በተመደበለት ቦታ ተሰብስቦ ላይፍ ጃኬት እንዴት እንደሚታሰር ይማር ነበር። የሚወደው ሰው የለም። ሆኖም ከጎንህ የቆመው ሰው "ይሄ ማሰሪያ የት ነው የሚገባው?" ይልሃል። አብራችሁ ትስቃላችሁ። ማታ ስትገናኙ ሰላም ትባባላላችሁ። በኮቪድ ጊዜ ግን ቪዲዮውን ክፍልህ ውስጥ ታያለህ፤ ከዚያ ቦታው ድረስ ብቅ ብለህ ትመዘገባለህ፤ አለቀ። ብዙ መርከቦች ላይ እስከ ዛሬም በዚሁ ቀርቷል። ለጤናም ለጊዜም ጥሩ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግን ከጎረቤት ጋር የሚያስተዋውቅ አንድ አጋጣሚ ጠፋ።

ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ ለመጀመር ሰበብ ያስፈልጋል። የጋራ ጠረጴዛ ሰበብ ነው። ሰልፍ ሰበብ ነው። ባንኮኒ፣ ውድድር፣ ጠባብ ሊፍት ሁሉም ሰበብ ነው። የርቀት ሕጎቹ እነዚህን ሰበቦች አንድ በአንድ አነሷቸው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የመጣው ይህን ያህል አልጎዳውም። የሚያወራውን ሰው ይዞ ነው የመጣው። የአንዳንዶቻችን ድምፅ ግን ቀኑን ሙሉ "አመሰግናለሁ" ከማለት በቀር አልወጣም።

አዲስ አበባ ላለችው እህቴ የእራት ጠረጴዛዬን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። "ምነው፣ ከሰዎቹ ጋር ተጣልተሽ ነው?" ብላ መለሰች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ፎቶው ሌላ ምን ይመስላል? እዚያው እኛ አገር ኤፕሪል 2020 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጨባበጥን ሳይቀር ከልክሎ ነበር። ምግብ ቤት ውስጥ ግን በአንድ ጠረጴዛ እስከ ሦስት ሰው መቀመጥ ይቻል ነበር። ማን ከማን ቤት መጣ ብሎ አልጠየቀም።

እኔን ያዳነኝ የመርከቡ የላይኛው ወለል ነው። ክፍት ነው፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው እየዞረ ይራመዳል። ከዴቨን የመጡ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አንዲት ሴት ጋር እዚያ ተዋወቅን። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያ ጉዟቸው ነበር። ሁለታችንም ማታ ብቻችንን እንደምንበላ ስናወራ፣ ለምን አንጠይቅም ተባባልንና የምግብ አዳራሹን ኃላፊ አብረህ አስቀምጠን አልነው። ሰውየው ትሑት ነበር። መልሱ ግን "ቲኬታችሁ የተለያየ ነው" የሚል ሆነ። መመሪያው የእሱ ስላልነበረ አልፈረድኩበትም። ከዚያ በኋላ ቡናችንን ይዘን ውጭ እንወጣና ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ጠረጴዛዎች እንቀመጣለን። ነፋሱ ድምፃችንን እየወሰደው ጮክ ብለን እናወራለን። ማታ ደግሞ አንድ አዳራሽ ውስጥ በሩቁ ሰላም እየተባባልን ለየብቻ እንበላለን።

የሚያስቆጨው ደግሞ እኚህ ሴት ቤታቸው እያሉ ከዚህ የተሻለ ነፃነት የነበራቸው መሆኑ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ከአንድ ሌላ ቤት ጋር ተጣምሮ እንደ አንድ ቤት እንዲቆጠር ከጁን 13 ቀን 2020 ጀምሮ ተፈቅዷል። እሳቸውም ከጎረቤታቸው ጋር ተጣምረው ያንን ረጅም ብርድ ወቅት አብረው እየበሉ አሳለፉት። ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ከታዘዘ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ መንግሥት ብቻውን ላለው ሰው አንድ መውጫ አበጀለት። የመርከብ ድርጅቶቹ ለመዘጋጀት ከዓመት በላይ ነበራቸው።

ከስድስት ቤት የመጡ ስድስት ሰዎች ከአንድ ባልና ሚስት ይልቅ በሽታ ሊያዛምቱ ይችላሉ የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ነገር ግን እኛ መርከብ ላይ ሁለቱን ክትባት ያልወሰደና ያልተመረመረ አልተሳፈረም። በዚያው ወቅት አሜሪካ ውስጥ ሲዲሲ 98 ከመቶ ሠራተኛና 95 ከመቶ መንገደኛ የተከተበበት መርከብ ደንቡን እንዲያላላ ፈቅዶ ነበር። ጁን 26 ከፎርት ሎደርዴል የተነሳው ሰለብሪቲ ኤጅ መንገደኛ አሳፍሮ ከአሜሪካ ወደብ እንደገና ለመውጣት የመጀመሪያው ትልቅ የመዝናኛ መርከብ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። አንዳንድ መርከቦችማ ማን ከማን ጋር ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀራረበ የሚመዘግብ የእጅ አምባር ለመንገደኛው ያድሉ ነበር። ያ ሁሉ መሣሪያ እጃቸው ላይ እያለ ስድስት ሰው ማስቀመጥ አቃታቸው ማለት ይከብደኛል።

እንዲያውም የድሮውን ቋሚ ጠረጴዛ አስቡት። በየምሽቱ ያው ሰው፣ ያው ወንበር። በሽታን ለመከታተል ይህ አመቺ ነው። አንዱ ቢታመም የተቀሩት አምስቱ እነማን እንደሆኑ ወዲያው ይታወቃል። የመርከብ ሥራ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረውን መፍትሔ እጁ ላይ ይዞ ነው የጣለው።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ቲኬት ሲቆረጥ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ ለብቻቸው ከመጡ ሰዎች ጋር በቋሚ ጠረጴዛ መቀመጥ ይፈልጋሉ? እሺ ያለው ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ይመደብ። እራቱ፣ ውድድሩ፣ ወደብ ላይ የሚወስደው አውቶቡስ፣ ሁሉም ከእነዚያው ሰዎች ጋር ይሁን። ከመካከላቸው አንዱ ቢያዝ ሁሉም ክፍላቸው እንደሚዘጋባቸው አስቀድሞ ተነግሯቸው ይፈርሙ። እኔ ያለማመንታት እፈርማለሁ። ብቻውን መሆን ፈልጎ የመጣ ሰው ደግሞ አለ፤ እሱን ማንም አያስቸግረው። መጽሐፉን ይዞ በሰላም ይብላ።

ዛሬ ደንቦቹ ተነስተዋል። ሲዲሲም የመርከቦቹን የኮቪድ መርሐ ግብር ጁላይ 2022 ላይ ዘግቷል። መርከቦቹ እንደገና ሞልተዋል። ግን የሆድ በሽታ በመርከብ ላይ ሲነሳ አሁንም ደንቡ ጥብቅ ይሆናል፤ ሌላ ወረርሽኝም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዘንድሮ ብቻችሁን ልትሳፈሩ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁት። ለብቻው ለሚመጣ ሰው የጋራ ጠረጴዛ አለ ወይ? ሰዎቹን የሚያገናኝ የተመደበ ሠራተኛ አለ ወይ? ርቀት ጠብቁ የሚል ደንብ ቢመጣስ እኛን የት ታስቀምጡናላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ከጉዞው በኋላ ለድርጅቱ ስጽፍ ያገኘሁት "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ግን አንድ ሰው የሚጽፈውን ደብዳቤ ተከትሎ አይለወጥም፤ ብዙ ሰው ሲጠይቅ ነው።