ይድረስ ለክቡር መንጋጋ ጥርሴ

ለ፦ ታችኛው ቀኝ መንጋጋ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከአፌ መሰናበትዎን ስለ ማሳወቅ

ክቡርነትዎ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ጎዝ ነክሼ፣ ግማሹ ከንፈሬ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ሳላውቅ ነው። እጄ ግን አልደነዘዘም።

አመጣጥዎን አስታውሳለሁ። ስድስት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። የወተት ጥርሶቼ ተራ በተራ እየወለቁ ጣሪያ ላይ ሲወረወሩ፣ እርስዎ ማንንም ሳይተኩ ከሁሉም ኋላ ድምፅዎን አጥፍተው ገቡ። የተወረወረልዎ ጥርስ የለም፣ የተመረቀልዎም የለም። እናቴ እንኳን ከወተቶቹ አንዱ መስለዋት «ይህም ይወልቃል» ብላ ተወችዎት። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቃሏ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ምን ያልበሉት አለ? ቆሎው፣ ጥሬ ሥጋው፣ የጥብሱ ጅማት ሁሉ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእርስዎ ነበር። ሻይ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር። (ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ቀይረው ጥርስ እንደሚቦረቡሩ ሰምቻለሁ። ጥፋቱ ግን የማን እንደሆነ እዚህ አልከራከርም፤ ደብዳቤው የእኔ ነው።) እርስዎ የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ሆኑ። ሰው በሰው ጥርስ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ በገዛ ጥርሱ ውስጥ የገባ ግን ከእኔ በቀር አላውቅም።

ሰዓት አመራረጥዎስ! ቀን ሰው ፊት ጨዋ ነዎት። ገና ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ ይጀምራሉ። ሰው ሲጋደም ወደ ራሱ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሆን ብለው ነው እላለሁ። በእርስዎ ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። እናቴ «ትል ነው» አለች። ቅርንፉዱ ለጥቂት ሰዓት አደነዘዘልኝ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ድዴን ላጠው። አረቄውን ያዘዙልኝ አፍ ውስጥ አቆይቶ ለመትፋት ነበር፤ መትፋቱን አልቻልኩበትም። አንዲት ጎረቤታችንም ለጉሮሯቸው ታዞ የተረፈ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን በወረቀት ጠቅልለው ላኩልኝ፤ ዋጥኩት። ሐኪም ቤት ደጃፍ ስደርስ ደግሞ እርስዎ ፍጹም ጤነኛ ነዎት። ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ።

በዓቢይ ጾም አጋማሽ ድንገት ዝም አሉ። ትኩስ ብጠጣ ዝም፣ ቀዝቃዛ ብጠጣ ዝም። ታረቅን ብዬ ለወዳጆቼ ሁሉ አወራሁ። ለካ ሞተው ኖሯል! ሐኪሟ በኋላ ራጁን ወደ መብራት አንሥታ እንዳሳየችኝ፣ ውስጥዎ ያለው ነርቭ ሞቶ፣ እርስዎ ግን ወንበርዎን ሳይለቁ ከስርዎ በታች መግል ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። ያ የተዋስኩት ኪኒንም ለምን እንዳላዳነዎት ያን ጊዜ ገባኝ፤ መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፣ ሬሳ ውስጥ ደግሞ ደም አይዞርም።

ለመገለጥ የመረጡት ቀንም ፋሲካን ነው። 55 ቀን ጾሜ፣ ዶሮ ሲጮኽ ከቅዳሴ ስመለስ ቀኝ ጉንጬ ዱባ አክሏል፤ አፌ ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም። ቤተሰቡ እንደ ልማዱ ሆዱን በተልባ አለስልሶ ወደ ዶሮው አለፈ። እኔ ተልባው ላይ ቀረሁ። ያንን ፈረሰኛ ማን እንደበላው ዛሬም አልተነገረኝም።

እስካሁን አንቱ ያልኩዎት ከልማድ የተነሣ ነው፤ አፌን ይዞ የተቀመጠውን በምን ደፍሬ አንተ ልበል? ከእንግዲህ ግን አንተ ነህ።

በማግስቱ የተከፈተ ክሊኒክ አግኝቼ ወንበሩ ላይ ስወጣ እንኳን ተንኮልህን አልተውክም። መግል ያለበት ቦታ አሲድ ስለሚበዛበት ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም፤ ሐኪሟ ከአንተ ራቅ አድርጋ መንጋጋዬ ጥግ ላይ ወጋችኝ፣ አልበቃ ብሎ ደገመችኝ። «ቢቆይ ኖሮ እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ይዘጋል» ስትለኝ፣ ለካ ቀብሬንም ጭምር አስበህበት ኖሯል። ጉጠቱን ስታነሣ እንደ ምስማር ትስበዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። የለም፤ ወደ ጉንጭ ወደ ምላስ እያወዛወዘች ጉድጓድህን አሰፋችብህ። ከዚያ «ቋ!» አልክ። እኔ ጮኼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ነርሷ ግን በሩን ዘግታለች።

አሁን ፊት ለፊቴ በወረቀት ላይ ተጋድመሃል። ሁለት ስር ያለህ የባቄላ ፍሬ! ለዚህ ነው ሌሊቱን ሁሉ ግድግዳ የቧጠጥኩት? ጣሪያ ላይ ልወረውርህ አሰብኩና ተውኩት፤ በምትክህ የሚመጣ የለም። ለአንድ ቀን አትጉመጥመጥ፣ አታጭስ፣ ቦታህ ላይ የረጋውን ደም አትነካካ ተብያለሁ። ምላሴ ግን የሚሰማ አይደለም፤ ሐዘን እንደ ደረሰበት ዘመድ በየደቂቃው እየሄደ ጉድጓድህን ይጎበኛል።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ቀላቢህ

ግልባጭ፦
ለቀሪዎቹ 31 ጥርሶች
ለላይኛው ቀኝ መንጋጋ፦ ባልንጀራህ ስለሌለ ቀስ በቀስ ወደ ታች መውረድ እንደሚያምርህ ሐኪሟ ነግራኛለች፤ አደብ ግዛ
ለስኳር ዕቃው፦ ከነገ ጀምሮ ሁለት ማንኪያ