ስለት የለብኝም፣ በእግሬ ነው የምሄደው

«ከእንጦጦ ማርያም ቃሊቲ ድረስ በእግሬ ልሄድ ነው» ስላት እናቴ «ምን ተስለህ ነው?» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «መኪናዋ ተበላሸች እንዴ?» አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ስለት አለበት ወይ የታክሲ ሳንቲም አጥሮታል። ወክ የሚባለው ነገር ሰፈር ውስጥ፣ ማታ ማታ፣ ከጓደኛ ጋር ነው።

እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በሚኒባስ መስኮት ያየኋትን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ልረግጣት ፈለግሁ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃና በኪሴ ቆሎ ይዤ ተነሳሁ። መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቁልቁለት ነው ብላችሁ አትናቁት። ጉልበት የሚበላው እሱ ነው።

ከተማዋ ራሷም በዚሁ ቁልቁለት የወረደች ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ ግን ቀደም ብለው፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን «አዲስ አበባ» ብለውት ነበር። መኳንንቱም እያደሩ ተከትለው ወረዱ። እኔም የእነሱን አቅጣጫ ነው የያዝኩት፣ ያለ በቅሎ።

ገና ሽሮ ሜዳ ሳልደርስ የባህር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ቀደሙኝ። ሸክሙ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። እኔ በስኒከር እየተጠነቀቅሁ እወርዳለሁ፣ እነሱ በላስቲክ ጫማ ይፈጥናሉ። «እናት፣ አይከብድም?» አልኳቸው አንዷን። ሳይቆሙ «ቁጭ ብዬ ላውራህ፣ ልጄ?» አሉኝ። አፈርኩ።

ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ሱቆች እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ብዙ አያስቸግርም። የየካቲት 12 ሐውልት፣ ድንቅነሽ ያለችበት ሙዚየም፣ የሚያዝያ 27 ሐውልት፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ልጅ ያለው ሰው አንድ ቀን በእግሩ ይዞት ይውረድ።

ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ንጣፉ ሰፊ ነው፣ መብራት አለ፣ መቀመጫ አለ። ጭቃ ላይ ድንጋይ እየቆጠርን ያደግን ሰዎች ይህን አናጣጥልም። ግን ብዙ ከሄድኩ በኋላ አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ጀበና ቡና። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ከቤቱ ጋር በርጩማውም፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሰውም አብሮ ሄደ። ይሄ የእኔ ቅሬታ ነው። መንገዱን ግን ወድጄዋለሁ።

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቆሎዬን ጨረስኩ። ስፖርተኞቹ ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሁድ አንዳንድ ጎዳና ለመኪና ሲዘጋ ትዝ አለኝ። ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ ደስ ብሎን ነበር። ሰኞ ሲመጣ ግን መንገዱ ለማን ነው?

መልሱን ያገኘሁት ከጎተራ በኋላ ነው። ማሳለጫው የሚያሳልጠው መኪናን ብቻ ነው። እግረኛ እዚያ ሲደርስ አንገቱን እያዞረ፣ የሰው ዱካ እየፈለገ ነው የሚወጣው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር መሃል መንገዱን በአጥር ይዞታል። ሳሪስ ላይ ቁርስ ቤት አየሁ። ፊት ለፊቴ ነው፣ የፍርፍሩ ሽታ ሳይቀር ይደርሰኛል። ለመሻገር ግን ሩቅ ሄዶ መመለስ ነው። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ወጣቶች አጥሩን ዘለው በአንድ ደቂቃ ማዶ ሆኑ። በከተማችን በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ይህ በተነሳ ቁጥር «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ይባላል። የምን ግንዛቤ! ልጁ ሥራ ረፍዶበታል፣ መሻገሪያው ሩቅ ነው፣ አለቀ።

ከሳሪስ እስከ አቦ ያለውን በዝርዝር ብነግራችሁ ትሰለቻላችሁ። ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ የአሸዋ ክምር፣ የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ ሲኖትራክ። ልጅ ያዘለች ሴት ወደ አስፋልቱ ወርዳ ከመኪና ጋር ትጋፋለች። መጸዳጃ ቤትማ ባላነሳው ይሻላል። ጫማዬን ለማስጠረግ አንድ ሊስትሮ ጋ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ከየት ነው?»

«ከእንጦጦ፣ በእግሬ።»

ብሩሹን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። «ስንት ይከፈልዎታል?»

እሱ በየቀኑ ከቃሊቲ በእግሩ ይመጣል፣ በእግሩ ይመለሳል። ማንም ጎበዝ አላለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ አብዛኛው ደግሞ እንደዚህ ልጅ ዓይነቱ ጉዞ ነው። እኔን ያናደደኝም ይሄው ነው። ጥሩው ንጣፍ ያለው ለመዝናናት የሚወጣው ሰው ጋ ነው። ሥራ የሚሄደው ሰው ጉድጓድ እየዘለለ ነው። ፋብሪካዎቹ በደቡብ በኩል ናቸው፣ ሠራተኛውም እዚያ ነው። አሳንሰር ያለው ድልድይ አልጠይቅም። በየ300 ሜትሩ አንድ የቀለም መሻገሪያ፣ በአጥሩም ላይ አንዳንድ በር። አንድ የኮሪደር ፏፏቴ የሚፈጀው ገንዘብ ብዙውን የሚሸፍን ይመስለኛል።

ቃሊቲ ስደርስ 8 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ታክሲው ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፣ ረዳቱ «ስታዲየም! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። እጄን አወዛወዝኩለት፣ አየኝም። መሻገሪያውን ፈልጌ ዞሬ እስክመጣ ሞልቶ ሄደ።