ከሐረር የተሸኘው ሻለቃ

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ዛፍ ሥር ሻይ የሚያፈሉ ሴት አሉ። ባለፈው ሳምንት እዚያ ተቀምጠን ሳለ አንድ ባጃጅ ነጂ ከቤንዚን ወረፋ ባዶውን ተመልሶ መጣ። ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ «አልቋል» ተብሏል። ሻዩን እንኳ ሳይቀበል ነው የጀመረው፦ «አቦ፣ ይህቺን አገር አንድ ጨካኝ ሰው ካልመጣ ማንም አያስተካክላትም! መንጌ ቢኖር ይሄ ሁሉ ሌባ የት ይገባ ነበር?»

ልጁ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥሎ ሲወጣ እሱ አልተወለደም። ቢሆንም «ተው» ያለው ሰው አልነበረም፤ ጭራሽ ራሱን የነቀነቀለት ይበዛል። በመጨረሻ አጠገቤ የነበሩት የምድር ባቡሩ፣ የሸመንደፈር ጡረተኛ ሻያቸውን ፉት አሉና «ጨካኝ ሰው ነው የምትፈልገው? እሱማ እዚሁ ጎረቤት፣ ሐረር ነበር። ሸኝተን የላክነው እኛው ነን» አሉት።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። ማታ ቤት ስገባ ግን «ሸኝተን» የምትለዋ ቃል አልለቀቀችኝም።

ታሪኩን የማያውቅ ካለ፣ እንዲህ ነው። በ1966 መንግሥቱ ሐረር በሰፈረው የሦስተኛው ክፍለ ጦር ውስጥ በመሣሪያ ክፍል የሚሠራ ሻለቃ ነበር። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ የተሰባሰቡት ወታደሮች ከየጦር ክፍሉ ተወካይ ይላክልን ሲሉ፣ ከሻለቃ በላይ ማዕረግ ያለው እንዳይመጣ ወሰኑ፤ ኮሎኔልና ጄኔራል የሚያምን አልነበረም። ሐረር ላይ ሲነገር የኖረው፣ የክፍለ ጦሩ አዛዥ ይህን ነገረኛ ሻለቃ ከፊቱ ዞር ለማድረግ ሲል መርጦ ላከው የሚለው ነው። የአዛዡን ልብ ገብቼ ያየሁ አይደለሁም። ግን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ያስቸገረህን ሠራተኛ ሥልጠና ትልከዋለህ፤ ኮሚቴ ውስጥ ትዶለዋለህ፤ ወይም ጥሩ ደብዳቤ ጽፈህ ለሌላ ቅርንጫፍ ታስረክበዋለህ። ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተመሠረተ። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ያ ሻለቃ ከላዩም ከጎኑም ማንም ያልቀረለት ሰው ሆነ።

ስለ አምባገነን ስናወራ የምንጀምረው ከሰውዬው ነው። ንግግሩ፣ ቁጣው፣ ልጅነቱ፣ ማን እንደናቀው። እኔ ከሸኚዎቹ ብንጀምር የበለጠ እንማራለን ባይ ነኝ። የተቸገረ አገር ውስጥ አንድ ሰው እላይ የሚወጣው፣ በየደረጃው የየራሱን ራስ ምታት ለመገላገል የሚፈልግ ሰው እያሳለፈው ነው። አሳላፊዎቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ብዙዎቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

የዚያን ዓመት ችግር ደግሞ የፈጠራ አልነበረም። ወሎ በረሃብ አልቋል፤ መንግሥት ደብቆታል። ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግቡና በውሃው ተማርረው አመፁ፤ ሊያረጋጋ የተላከውን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። የካቲት ላይ የነዳጅ ዋጋ ጨመረና የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ (ባጃጅ ነጂው ወዳጃችን ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር)። መምህሩ ተነሣ፣ ተማሪው ተነሣ፣ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። ጥያቄው ሁሉ ትክክል ነበር። ጉድለቱ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚይዝ ዕቃ አለመኖሩ ነው። በንጉሡ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልተፈቀደም። ፓርላማው ለመሬት ባለቤቶች የቆመ ነበር። ዙፋኑ ሲነቃነቅ ከአንዱ የአገሪቱ ጫፍ እስከ ሌላው የሚደርስ፣ ሬዲዮ መገናኛና ተሽከርካሪ ያለው አንድ ድርጅት ብቻ ቀረ፤ ጦሩ። ንጉሡ ተቃዋሚን ሁሉ ሲነቅሉ ኖረው፣ በመጨረሻ ያልተነቀለው ነቀላቸው።

መስከረም 2 ቀን 1967 የሁሉም ዓይን ንጉሡን በወሰደችው ትንሽ ቮልስዋገን ላይ ነበር። ዛሬም ስለዚያ ቀን ስናነሣ መኪናዋን ነው የምናወራው። የዚያኑ ቀን አዋጅ ቁጥር 1 ወጥቷል። ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ፓርላማውን በተነ፤ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የተባለውን ዓላማ መቃወምን፣ ሥራ ማቆምንና ያልተፈቀደ ሰልፍን ከለከለ፤ ፍርዱ ይግባኝ የማይባልበት ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቆመ። በየካቲት ሥራ አቁሞ መንግሥት የገለበጠ ሕዝብ፣ በመስከረም ሥራ ማቆምን ለከለከለ መንግሥት እልል አለ። ያጽናናው አንድ ቃል ነበር፤ «ጊዜያዊ»። ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ። ጦሩ ሥርዓት አስይዞ ወደ ካምፑ ይመለሳል ተባለ። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከስሙ ላይ የተነሣው በ1980 መግቢያ ነው፤ ያኔም መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ስለተባለ።

ከሁሉ በላይ የምትከብደኝ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ናት። ከመስከረም ጀምሮ ሲዘመር የነበረው «ያለ ምንም ደም» ነው። በዚያች ሌሊት ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና መሳፍንት፣ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ጄኔራል አማን አንዶም ቤታቸው ተከበው ሲዋጉ ሞቱ። አማን ለኛ አካባቢ ሩቅ ሰው አልነበሩም፤ የሦስተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው «የኦጋዴን አንበሳ» የተባሉት እዚህ ነው። ያን ቀን የደርግ አባላት ተሰብስበው ስም እየተነበበ እጅ ሲያወጡ ነው የዋሉት። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ደም የጠማቸው አልነበሩም። አንዱ ፈርቶ፣ አንዱ ጓዱን አይቶ፣ አንዱ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ እጁን አውጥቷል። በማግሥቱ ግን ወደ ካምፕ የሚመለስ ሰው ጠፋ፤ እንዴት ይመለስ? ሥልጣኑን ቢለቅ የሚጠይቀው አለ። መንግሥቱ ከዚያ በኋላ ጓዶቹን በፍቅር መያዝ አላስፈለገውም። የጋራ ደም ይዟቸዋል። ሊቀ መንበሩ ተፈሪ በንቲ በታኅሣሥ 1969 የሻለቃውን ሥልጣን የሚቀንስ አደረጃጀት አስወሰኑ፤ ጥር 26 ቀን ከነተባባሪዎቻቸው ተገደሉ። የቀረው ምክትል ሊቀ መንበሩ አጥናፉ አባተ ነበር፤ እሱም በኅዳር 1970 ተረሸነ። አጥናፉም ኅዳር 14 ላይ እዚያው ነበር።

የተማሩት ሸኚዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። የግራ ምሁራን ድርጅት የነበረው መኢሶን ለደርግ የሰጠውን ድጋፍ «ሒሳዊ ድጋፍ» ብሎ ሰየመው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወታደሮቹ ጠመንጃ እንጂ እውቀት የላቸውም፤ እኛ እንመራቸዋለን፤ ተቀናቃኛችንን ኢሕአፓን በእነሱ እናሸንፋለን፤ ከዚያ እንተያያለን። በነሐሴ 1969 መኢሶን ራሱ ጫካ ፈላጊ ሆነ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ተገደለ። ይህ የኛ ብቻ ስንፍና አይደለም። ጀርመን አገር እንደ ፈረንጆቹ በ1933 ሂትለርን መራሔ መንግሥት ያደረጉት ወግ አጥባቂ ፖለቲከኞች ናቸው። ከሦስት ወር ገደማ በፊት በተደረገው ምርጫ ያገኘው 33 በመቶ ነበር፤ ካቢኔው ውስጥ ከብበን እንይዘዋለን አሉ። በሁለት ወር ውስጥ ያለ ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ፓርላማው ራሱ ድምፅ ሰጥቶ አስረከበው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ትላልቆቹ ነው። ወደ ከዚራ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሕዝቡ በጅራፍ ብቻ ተነዳ ብዬ ብጽፍ ሻይ ቤት አልገባም። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ለገበሬው ሲታወጅ ሰው ያለቀሰው በደስታ ነው። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ድሬዳዋ ላይ የቤት ኪራይ ወረደ። የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የየመኑ፣ የሕንዱ ነጋዴ ቤት ለተከራይ ቀረ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌ የጀመረው እንዲህ ነው፤ የኪራይ ደረሰኝ በመቁረጥ። ቀጥሎ ስኳርና ዘይት በእሱ በኩል ሆነ። ቀጥሎ መታወቂያ። ቀጥሎ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ጠመንጃ ታጠቀ። በ1969 እና በ70 ልጆች በሌሊት ከቤታቸው ሲወሰዱ በየትኛው ክፍል ማን እንደሚያድር ቀበሌው ያውቅ ነበር፤ ኪራዩን ሲሰበስብ ነው ያወቀው። ኪራዩ ስለቀነሰልን ያመሰገንነው ትክክል ነበር። ዝርዝሩ ማን እጅ እንደገባ አለመጠየቃችን ነው ጥፋቱ።

እዚህ ላይ ድሬዎች ሁሌም የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፦ «መንጌ ባይኖር ዚያድ ባሬ ይውጠን ነበር።» ይህን በቀላሉ አላልፈውም። ነሐሴ 1969 የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የላካቸው ታንኮች ድሬዳዋ ጫፍ ደርሰው ነበር። ባቡሩ ተቆርጧል። በ1970 መግቢያ ጅጅጋ ወደቀች፤ ሐረር ተከበበች። የዚያን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ያየውን አይረሳም፤ የሞተለትንም።

ግን ዚያድ ባሬስ ከየት መጣ? የእሱ ታሪክ የኛው ታሪክ ነው፤ ያውም በአምስት ዓመት ቀድሞ። ሶማሊያ ምርጫ ነበራት፤ ፓርቲው ከ60 በላይ ሆኖ ሕዝቡ በፖለቲከኛው ግርግርና ሌብነት ተሰላችቷል። ጥቅምት 1962 ላይ ፕሬዚዳንት ሸርማርኬ በገዛ ጠባቂያቸው ተገደሉ፤ ቀብራቸው እንዳለፈ ጦሩ ሥልጣን ያዘ። ሕገ መንግሥት ታገደ፣ ፓርላማ ተበተነ፣ ፓርቲ ተከለከለ። ሞቃዲሾም ተደሰተች። ዚያድ ባሬም መልካም ነገር አላጣም፤ የሶማሊኛ ጽሕፈት ሥርዓት የጸደቀው በእሱ ጊዜ ነው። ያ በደስታ የተቀበሉት ሰው ነው በስምንተኛው ዓመት ታንክ የላከብን። ድሬዳዋና ሐረር መካከል የሞቱት ወጣቶች የሁለት ጨካኝ ሰዎች ልጆች ናቸው።

ከተማዋን ያተረፉትስ? ሰማዩን የያዙት ኤፍ-5 አውሮፕላኖች በንጉሡ ጊዜ የታዘዙ ነበሩ፤ የአብራሪዎቹም ሥልጠና ከደርግ በፊት የተዘረጋ ነው። ሜዳው ላይ የቆመው ገበሬ ሚሊሻ፣ ወታደሩና የከተማው ነዋሪ ነው፤ በኋላም ኩባውያን መጡ። መንግሥቱ በዚያው ጊዜ የሚረሽናቸው መኮንኖች ለዚህ ጦርነት የሚያስፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ካራማራ ላይ የካቲት 26 ቀን 1970 የተገኘው ድል የእውነት ድል ነው፤ ሒሳቡ ግን በአንድ ሰው ስም ገቢ ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ እሱን መጠየቅ አገርን መካድ ተባለ፤ በመፈክሩም «ቆራጡ መሪያችን» ሆነ። ዚያድ ባሬ በጥር 1983 ከሞቃዲሾ ሸሸ፤ የኛው በግንቦት። በዚያው ዓመት፣ በአራት ወር ልዩነት።

ከትናንት በስቲያ ሻይ ቤቷ ጋ ተመልሼ ጡረተኛውን አገኘኋቸው። ስለ ሽኝት ያሉትን ልጽፍበት መሆኑን ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። «እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ እሱን ጻፍ» አሉኝ። በ1968 ዲፖ ውስጥ ወጣት መካኒክ ሳሉ ቀበሌው ጠርቶ ከአንድ የተወረሰ ግቢ ሁለት ክፍል ሰጥቷቸዋል። ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ሲያቀብላቸው «ለጊዜው ግባበት፣ በኋላ ይስተካከላል» ብሏቸው ነበር።

«ታዲያ አልተስተካከለም፣ ጋሼ?» አለ ባጃጅ ነጂው ከጎን።

«እዚያው ነኝ» አሉት። «ጣራው ያፈሳል። ኪራዩን ግን እየከፈልኩ ነው።»