ይታጠፍ ያልኩትን በየዱት

እስኪ ዛሬ ልተንፍስ። ጉዳዩ የአገር ጉዳይ አይደለም፤ የጋሪ ጉዳይ ነው። ግን እዚህ ሀዋሳ አንድ ዕቃ «እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩልኝ» ብላችሁ አዝዛችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ገና ሳልጀምር ይገባችኋል።

እሁድ እሁድ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ በመንጠቆ ዓሣ አጠምዳለሁ። ለንግድ አይደለም። ቆሮሶ ከተያዘ ጥብስ ነው፣ ካልተያዘም ነፋስ መቀበል ነው። ችግሩ ፀሐዩ ነው። ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው፣ ምድር ወገብም ሩቅ አይደለም፤ አናት ይበሳል። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ይነሣል። ያኔ ጃንጥላ ይዘህ ከሆነ አንተ እሱን ትይዘዋለህ እንጂ እሱ አንተን አይከልልህም። በዚያ ላይ ወንበሩ፣ ባልዲው፣ ዘንጉ፣ የትሉ ጣሳ፣ ውሃው፣ ምሳው። ሁሉን አንጠልጥሎ በግድቡ ላይ መሄድ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው።

እንዲህ እየተማረርኩ ነው ዩቲዩብ ላይ የሚኒሶታ ሰዎችን ያየሁት። (ሚኒሶታ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል።) በክረምታቸው ሐይቁ በረዶ ይሆናል። በረዶው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከወፈረ ሰው በእግሩ ይወጣበታል። በመሰርሰሪያ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሱና መንጠቆውን በዚያ ይሰዳሉ።

ልቤን የወሰደው ግን ከውርጩ የሚሸሸጉበት ነገር ነው። ከሥር እንደ ገንዳ ያለ የፕላስቲክ ተንሸራታች አለ፤ ውስጡ መቀመጫ ተገጥሞለታል። ሸራ የለበሱ ቱቦዎች ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ተይዘው፣ ተጣጥፈው ወደ ኋላ ይተኛሉ። ቦታህ ስትደርስ ትቀመጥና ሸራውን በአናትህ ላይ ወደ ፊት ትገለብጠዋለህ። አለቀ፣ ቤት ሆነ! ስትነሣ መልሰህ ትገለብጥና ዕቃህን እዚያው ገንዳ ውስጥ ከትተህ እየጎተትክ ትሄዳለህ።

ደግሞ ገዝተው ዝም አይሉም፣ ሁሉም የራሱን ያሻሽላል። አንዱ የዘንግ ማስቀመጫ ይጨምራል፤ ሌላው በባትሪ የሚሠራ መብራት ይዘረጋል። አንዱ ከሥሩ ረጃጅም የፕላስቲክ ቁራጭ ይመታበታል፣ ጠጠር ላይ ሲጎተት ገንዳው እንዳይበላ፤ ሲያልቅ ቁራጩን ብቻ ይለውጣል። በስኖሞቢል (በረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር) የሚጎትተው ደግሞ በገመድ አያስርም፣ በብረት ዘንግ ነው የሚያያይዘው። በገመድ ከሆነ ስኖሞቢሉ ሲቆም ተንሸራታቹ አይቆምም፤ መጥቶ ከኋላ ይገጨዋል። ሁሉም ነገር የታሰበበት ነው። ቀናሁ፣ ምን ልደብቃችሁ።

የኛ ሐይቅ ላይ በረዶ የለም፣ ያለው ጉማሬ ነው። ስለዚህ የራሴን በጋሪ መልክ ላሠራ ተነሣሁና መንሸራተቱን በሁለት የብስክሌት ጎማ ተካሁት። ሙቀት የሚይዘውን ወፍራም ሸራ በስስ ነጭ ጨርቅ ለወጥኩት፤ እነሱ ሙቀቱ እንዳይወጣ ነው የሚለፉት፣ እኔ እንዳይገባ። ለገንዳው ደግሞ ከነሱ አንዳንዱ ተንሸራታች እንዴት እንደሚሠራ አነበብኩ። ልክ እንደ ሮቶ ነው፤ ፖሊኢትሊን የሚባል የፕላስቲክ ዱቄት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይጨመርና እየጋለ ይሽከረከራል። ታዲያ ሮቶ ከሆነ ምን ቸገረኝ? አሮጌ ሮቶ ፈልጌ ገዛሁ። በቁመቱ ሲቆረጥ ግማሹ በአንድ እጅ የሚነሣ ገንዳ ነው። ከላይ እስከ ታች በሳንቲ ሜትር የተለካ ሥዕል ሠራሁና ብየዳ ቤት ሄድኩ።

ባለቤቱ ትልቅ ሰው ነው። ወረቀቱን አየት አደረገና «ገባኝ፣ ገባኝ» ብሎ ግራይንደሩ ሥር ሸጎጠው። ቀብድ ተቀበለኝ። «ሐሙስ ና» አለኝ።

ሐሙስን እንዝለለው። መብራት ጠፋ፤ ኤሌክትሮድ አለቀ፤ ልጁ ለቅሶ ሄደ፤ የሆነ ሰው በር አስቸኳይ ሆነ። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔን ያናደደኝ ቀጠሮው አይደለም። የሠሩት ነገር ነው።

ገንዳዬ የለም። በቦታው የላሜራ ሳጥን ተበይዷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ላሜራ ከየት መጣ?»

«ፕላስቲክማ ነገ ይሰነጠቅብሃል። ለአንተው ብዬ ነው።»

ለእኔው ብሎ! እስኪ እናስላው። ሳጥኑ ወለሉ 150 በ70 ሳንቲ ሜትር፣ የዙሪያው ከፍታ 30 ነው። በድምሩ ወደ 2.4 ካሬ ሜትር ላሜራ ይሆናል። ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ደግሞ ካሬ ሜትሩ ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል። ሳጥኑ ብቻ፣ ገና ባዶውን፣ ከ37 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ቱቦላሬው አልተቆጠረም። እኔ አልተቆጠርኩም። የምጎትተው እኔ ነኝ እኮ!

መጎተቻውም ሌላ ጉድ ነው። አንድ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የእጅ መያዣ ብዬ ነበር የሣልኩት። የተሠራው ሁለት ዘንግ ነው፣ መሀሉ አህያ ልክ።

«ጋሼ፣ ሰው ነው እኮ የሚጎትተው።»

«ነገ አህያ ብትገዛስ?»

መልስ አጣሁ። ለዚህ ምን ይመለሳል?

ይሄ ሁሉ ይሁን፣ እችለዋለሁ። ግን ቱቦዎቹን ወደ ፊት ልገለብጥ ስስባቸው ንቅንቅ አላሉም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ብሎን ይግባበት ያልኩበት ቦታ ላይ ግጥም አድርጎ በይዶታል። ዙሪያውን፣ በሁለቱም ጎን፣ በጥንቃቄ። ሥራው ያምራል፣ አልዋሽም። «ይወላልቃል ብዬ አጠነከርኩት» አለኝ። የጋሪው ነፍስ ያቺ የምትታጠፈው ቦታ ናት። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ እሷ ብትሠራ ይበቃኝ ነበር። ቆርጠህ አላቅልኝ ስለው ደግሞ የመቁረጫ ዲስክ ዋጋ ጠየቀኝ። እሱ ለበየደው እኔ ልከፍል!

ሸራ ሰፊው ጋ ስሄድ «ይሄኛው እንኳ ይሰማኛል» ብዬ ነበር። ስስ፣ ነጭ፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ መስኮት አልኩት። የሰፋልኝ የጭነት መኪና ሸራ ነው፤ ሰማያዊ፣ ድፍን ያለ። መስኮት? «ዝናብ ያስገባብሃል ብዬ ተውኩት።» እነዚያ ሰዎች እንኳ በዚያ ውርጭ ውስጥ ሆነው መተንፈሻ ክፍት ይተዋሉ። ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ ስለሚያነዱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳይገድላቸው ነው። እኔን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ፕላስቲክ ሸራ ውስጥ ድፍን አድርጎ ሊሰፋኝ! እዚያ ውስጥ ዓሣው ሳይሆን እኔ ነኝ የምጠበሰው።

ሙያ የላቸውም እንዳትሉኝ። እነዚህ ሰዎች በዓይን ግምት የአይሱዙ ጭነት ሳጥን ሠርተው የሚያወጡ ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው። የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ደንበኛ የሚፈልገውን ነገር ያውቃል ብሎ የሚያስብ የለም። ከላይ ትንሽ ብቻ ቀንስልኝ ያልከው ፀጉር አስተካካይ ይላጭሃል። ለቁም ሳጥኑ አራት መደርደሪያ ስትል አናጢው ሁለት ይሠራና «ሰፋ ይበልልህ ብዬ ነው» ይልሃል። ስህተት ቢሆን እኮ ይቅርታ ይባላል፣ ይታረማል። ይሄ ግን ውለታ ነው፤ አመስግነህ ትከፍላለህ! ብትቆጣ አንተ ነህ ምስጋና ቢስ። ባለቤቴ እንኳ «ጠንካራ ነው፣ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ።

እንዲሁም ሆኖ አንድ እሁድ በባጃጅ አስጭኜ ሐይቁ ዳር ወሰድኩት። ሦስት ጎረምሶች ገፍተውልኝ ነው ከመንገድ የወረደው። ገና ዘንጌን ሳልዘረጋ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡና «ድንች ጥብሱ ስንት ነው?» አሉኝ። ከሳቸው በኋላ የመጣው ቡና አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቢሸጥ ይሻለኝ ይሆን ብዬ እውነቴን አሰብኩ።

ግማሽ ሮቶዬን ላምጣት ብዬ ብየዳ ቤቱ ስመለስ ደግሞ ምን አየሁ? ውሃ ሞልተዋት ልጆቹ የበየዱትን ብረት ያቀዘቅዙባታል፣ ማታ ማታ እግራቸውን ይታጠቡባታል። መዶሻ ሲወድቅባት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ንክች አላላትም። «ይሰነጠቃል አላላችሁኝም?» ስል ባለቤቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እቺማ ጥሩ ፕላስቲክ ናት።»

አሁን የምፈልገው ሰው ነው። አቶቴም ይሁን ፒያሳ፣ ሻሸመኔም ቢሆን እሄዳለሁ። ባለ 20 በ20 ሚሊ ስስ ቱቦላሬ፣ የብስክሌት ቸርኬ፣ አንድ መጎተቻ፣ የሚታጠፍ ሸራ ከነመስኮቱ፤ ገንዳውን አስለቅቄ አመጣለሁ። ሥዕሉን አንብቦ፣ ያልገባውን ጠይቆ፣ እንዳለ የሚሠራ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ማሻሻያ ሐሳብ ያለው ከመበየዱ በፊት ይደውልልኝ። ቀብድ የምከፍለው ብሎኑን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው።