«ሪሴት አድርገው»

«ሪሴት አድርገው» አለኝ ጓደኛዬ። ችግሩን ገና ነግሬው አልጨረስኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ 4 አለችኝ፤ የባንክ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር። ከሁለት ቀን ወዲህ ሥራ ሲበዛባት ድርግም ትላለች፣ ከዚያ ራሷ ትነሳለች። እሺ ብዬ የሪሴት ቁልፍ ፍለጋ ገባሁ። ገለበጥኳት። ዩኤስቢ አለ፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለ፣ 40 ፒኖች ተኮልኩለዋል። ሪሴት የሚል ግን የለም። ስልክ ላይ እንዳለው «ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልስ» የሚል ነገርም የለም።

ለካ የሚመለሱበት ፋብሪካም የለም! ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም፣ ፋይሉም፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃልም ያለው ጥፍር በምታክል ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ነው። ቦርዷ ላይ ያለችው ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ የኔን ጉድ አታስታውስም። ስለዚህ ሪሴት ማለት ካርዱን ነቅሎ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ፣ ኢሜጀር በሚባለው ፕሮግራም ከዜሮ መጻፍ ነው። ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ይሄ «ሪሴት አድርገው» የሚሉት ነገር የቆየ ቁስል አለብኝ። አንድ ዘመዴ፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ «ስልክህ ከብዷታል» ብሎ ወሰዳትና ሪሴት አደረገልኝ። እውነትም ቀለለች። የስድስት ዓመት ፎቶ ወርዶላት ለምን አትቀል! ስጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባክአፕ አልነበረህም እንዴ?» አጥፊው እሱ፣ ተወቃሹ እኔ። እስከዛሬ ሳገኘው ስልኬን ኪሴ ውስጥ ጭብጥ አድርጌ ነው ሰላም የምለው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። «ሪሴት አድርገው» የሚል ሰው «ምን እንደሆነ ማሰብ ሰለቸኝ» ማለቱ ነው። አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። መቼ ጀመራት? ምን ሰክተህባት ነበር? የለም። አጥፋው፣ በቃ። ምክር ነው ይሄ?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በጣም የምወደው ተረት ነው፤ ለምን ሴት እንዳደረጓት ግን አይገባኝም። እኔ የማውቃቸው ቸኳዮች ወንዶች ናቸው፣ እኔን ጨምሮ። ደግሞ የሷ ይሻላል፤ ያፈሰሰችው የሚለቀም ነገር ነው። ካርድ ላይ የነበረ ፋይል ሌላ ነገር ከተጻፈበት በኋላ ምኑ ይለቀማል?

ይህን ሁሉ እያወቅኩ አጠፋሁት። እልህ ይሆናል። ኢሜጀሩ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አውጣ አለኝ። ድሮ ይሄ ጣጣ አልነበረም፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2022 ድረስ የሁሉም ሰው ስም ፓይ፣ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል ራስፕቤሪ ነበር። ደግ ዘመን! ለሌባም ጭምር። አሁን ራሴ ማውጣት አለብኝ፣ አውጥቼም ማስታወስ አለብኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ወረቀቱ የት እንዳለ አትጠይቁኝ።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ካርዱ። ተጽፎ አለቀ፣ መልሼ ሰካሁት፣ ተነሳች። አዲስ ናት፣ ንጹሕ ናት። ከዚያ ስክሪኑ ጥግ ላይ «ቮልቴጅ አንሷል» የምትል ማስጠንቀቂያ ብቅ አለች። አውቃታለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በኤክስ ስዘጋት ነበር። ቻርጀሩን ነቅዬ ጀርባውን መብራት ላይ አስጠግቼ አነበብኩ፦ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር። የአሮጌ ስልክ ቻርጀር ነው። እሷ የምትፈልገው 3 አምፔር ነው።

ማታ ጓደኛዬ ደወለ። «ሪሴት አደረግከው? ሠራልህ?»

«ሠራ» አልኩት። ስለ ቻርጀሩ አልነገርኩትም።