ነጻውን በውድ የማየት ጥበብ

በብስክሌት ውድድር ዓለም ሁሉም ሰው ይመሰገናል። ተወዳዳሪው ይመሰገናል፣ አሰልጣኙ ይመሰገናል፣ ጎማውን የሠራው ኩባንያ ሳይቀር ስሙ ይጠራል። ኪሱን አራግፎ መንገድ ዳር የቆመውን ተመልካች ግን ማንም አያነሳውም። ይሄ ግፍ ነው። ዛሬ እኔ ላንሳው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በየዓመቱ ፈረንሳይ የሚካሄደውን ታላቁን የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለማየት ትኬት የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ 21 የውድድር ቀን፣ በነጻ ነው። ተራ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እውነተኛው አፍቃሪ ግን ቅር ይለዋል። በነጻ? እኔን? ጥበቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሆቴል ይያዛል። የቱሩ መስመር ይፋ የሚሆነው ከውድድሩ በፊት ባለው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ፓሪስ ነው። ዜናውን ደግሞ ባለሆቴሉም ይሰማል። በሌላ ጊዜ ላምና ዝናብ ብቻ የሚያልፉበት የተራራ ከተማ፣ ውድድሩ በሚደርስባት በዚያች አንድ ሌሊት ዋጋው የከተማ እመቤት ይሆናል። የእኛ ጀግና አይከራከርም። ይከፍላል። ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ የኪራይ መኪና። መኪናውን ደግሞ መንገዱ ስለሚዘጋ ሩቅ አቁሞ በእግሩ ይወጣል። ይህን ሁሉ ከፍሎ በእግሩ!

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ሜዳ ላይ ብስክሌተኞቹ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራሉ። ከ170 በላይ ሰው ተጠጋግቶ ሲያልፍ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በቁጠባ ሄዶ 1,000 ዩሮ ያወጣ ሰው አለ እንበል። ሰከንዷ 33 ዩሮ መጣች ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ የሚያስከፍል ጠበቃ ቢኖር ጋዜጣ ላይ ይወጣ ነበር። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ደግሞ ሰውየው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ያየው ነገር ቢኖር የራሱን አውራ ጣት ነው።

ማን እየመራ እንደሆነስ? አያውቅም። ተራራ ላይ ኔትወርኩ ይደክማል። ስለዚህ ቤቱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በቴሌቪዥን ለሚያየው ወንድሙ ይደውላል። "እንዴት ነው ነገሩ? ማን ወጣ?" ወንድምየው ቡናውን ፉት እያለ ይነግረዋል። አንዱ ሺህ ዩሮ አውጥቶ ሄደ፣ ሌላው ምንም ሳያወጣ አየ። ታዲያ "ቦታው ላይ ነበርኩ" የሚለው ማነው? የመጀመሪያው! ክብር ማለት ይሄ ነው።

አልፕ ደዌዝ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራ ላይ ለሚሰፍሩት ተመልካቾች ግን ልዩ ምስጋና አለኝ። 13.8 ኪሎ ሜትር ዳገት፣ 21 መታጠፊያ። አልጋና ምድጃ ያለው መኪናቸውን ይዘው ቀናት ቀድመው ይወጡና ቦታ ይይዛሉ። ሰባተኛው መታጠፊያ የሆላንዶች ነው፤ ብርቱካናማ ለብሰው በቢራና በሙዚቃ ያድራሉ። የዓመት ዕረፍታቸውን አስፋልት ዳር፣ ሽንት ቤት ፍለጋ እየተንከራተቱ ያሳልፋሉ። እኛ አገር ሰው ለስኳር ወይም ለዘይት እንዲህ ቢሰለፍ መንግሥት ይታማል። እነሱ ግን በደስታ ነው።

ከብስክሌተኞቹ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ የማስታወቂያ መኪኖች ሰልፍ ያልፋል። ከ1930 ጀምሮ ያለ ወግ ነው። ኮፍያ፣ የቁልፍ መያዣ፣ የተቀመመ ቋሊማ ይበትናሉ። እዚህ ጋ ነው የአፍቃሪው እውነተኛ አቋም የሚለየው። ሱሪው ብቻ ሁለት መቶ ዩሮ የሚያወጣ ሐኪም፣ አንዲት የደረቀች ቋሊማ ለማንሳት የስምንት ዓመት ልጅ በክርኑ ሲገፋ ታያለህ። ልጁ ያለቅሳል፤ ሐኪሙ ቋሊማውን ወደ ላይ አንስቶ ለሚስቱ ያሳያታል። አንዳንዱ ይህ ሰልፍ እንዳለፈ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል አሉ። አልፈርድበትም፤ የሚጨበጥ ነገር ይዞ ነው የገባው።

ይህም ያነሰበት ቪአይፒ ይገዛል። በውድድሩ መሐል በመኪና መከተል አለ፣ ከላይ በሄሊኮፕተር ማየት አለ። ብስክሌት ለማየት ሄሊኮፕተር! ከዚያ ከፍታ ሻምፒዮኑም ጉንዳን ነው፤ ግን ውድ ጉንዳን ነው።

ወጪው ሁልጊዜ ቀድሞ አይታወቅም። በ2021 አንዲት ተመልካች ጀርባዋን ለብስክሌተኞቹ ሰጥታ፣ ለአያቶቿ ሰላምታ የጻፈችበትን ካርቶን ለካሜራ አሳየች። ግማሹ ውድድር አስፋልት ላይ ተነጠፈ። ፍርድ ቤት 1,200 ዩሮ ቀጣት። ከቪአይፒ ጋር ሳወዳድረው እንዲያውም ርካሽ ነው፤ ዓለም በሙሉ ነው ያያት። በ2016 ደግሞ ሞን ቫንቱ የሚባል ተራራ ላይ ሕዝቡ መንገዱን አጣቦ ከፊት የሚሄደውን የካሜራ ሞተር ብስክሌት አስቆመው። ውድድሩን ይመራ የነበረው ክሪስ ፍሩም ተጋጨ፣ ብስክሌቱ ተሰበረ፣ የመሪውን ቢጫ ማሊያ እንደለበሰ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው። በዚያው ዓመት የኛው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ነበር። በእግር እንደሚሮጥ ቀድሞ ቢነገረን ከበቆጂ ሰው እንልክ ነበር።

የአፍሪካ ተራም ደርሷል። በሴፕቴምበር 2025 የብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አህጉራችን ላይ፣ ሩዋንዳ ኪጋሊ ተካሄደ። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ። የኪጋሊ ሕዝብ ተማሪ ቤት ተዘግቶለት፣ ከደጁ ወጥቶ፣ ዳገቱ ላይ ተደርድሮ፣ በነጻ አየ። ምስኪን፣ ጥበቡን ገና አልተማረም። ከውጭ ለሚመጣው ግን መንገዱ ነጻ፣ አልጋው እሳት። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይሄው ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ፌዴሬሽን ወጪው ከብዶኛል ብሎ ወጣት ተወዳዳሪዎቹን ቤት አስቀረ። ተመልካቹ ግን ተበድሮም ቢሆን መጣ። ፌዴሬሽን ያቃተውን ቻለው!

የ2027ቱ ቱር ከኤድንብራ ይነሳል። ብሪታንያ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህ ዕድል እንዳያመልጣችሁ። ሆቴሉን ዛሬ ያዙ፤ ርካሹን ሳይሆን ብትሰርዙት ገንዘቡ የማይመለሰውን። አንድ አደጋ ብቻ ነው ያለው። ስኮትላንድ የሚኖር የአክስት ልጅ ይደውልና "ምን ሆቴል ትላለህ፣ እኔ እያለሁ? ዶሮ ወጥ ይሠራል፣ አልጋም አለ፤ መንገዱም በደጄ ነው የሚያልፈው" ሊል ይችላል። ስልኩን አታንሱ።