ፓርላማውን የመዝጋት ሥልጣን በዳኛ ይመዘናል?

ኦገስት 28 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በባልሞራል ሳሉ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ምክር፣ የብሪታኒያ ፓርላማ ለአምስት ሳምንት ያህል እንዲዘጋ፣ ማለትም አባላቱ እንዳሉ ሥራው ለጊዜው እንዲቋረጥ፣ አዘዙ። አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት የምትወጣበት ቀን ኦክቶበር 31 ነበር። ሴፕቴምበር 24 ቀን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሥራ አንድ ዳኞች በአንድ ድምፅ ትእዛዙን ሕገ ወጥ ነው ብለው ሻሩት። በዚሁ ፍርድ ላይ ሁለት የሕግ ሰዎች እንዲህ ተከራክረዋል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተቃዋሚ፦ የጆንሰንን አድራጎት ለማሳመር አልተነሣሁም፤ አምስት ሳምንት በዝቷል፣ ወቅቱም የተመረጠው በየዋህነት አይደለም። የእኔ ጥያቄ ይህን የሚፈርደው ማን ነው የሚል ነው። ፓርላማ መዝጋት ከዘውዱ ልዩ ሥልጣኖች፣ ማለትም ፓርላማ በሕግ ሳይሰጠው ከጥንት ከያዛቸው ሥልጣኖች፣ አንዱ ሲሆን፣ አጠቃቀሙን ሲገራው የኖረው ልማድና የእንደራሴዎች ድምፅ ነው። በ1984 ዳኞች ልዩ ሥልጣንም በፍርድ ሊመረመር እንደሚችል ሲወስኑ እንኳ፣ ሎርድ ሮስኪል ውል መዋዋልን፣ ምሕረትን፣ ሚኒስትር መሾምንና ፓርላማ መበተንን (ለአዲስ ምርጫ ማሰናበትን) ለዳኛ የማይመቹ ብለው ለይተዋቸዋል። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ክሱን ያልተቀበለው የሚመዝንበት የሕግ ሚዛን ስላጣለት ነው። እንደራሴዎቹስ እጃቸው ታስሮ ነበርን? ጠቅላይ ሚኒስትሩ የመውጫው ቀን እንዲራዘም እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ሕግ ፓርላማው ከመዘጋቱ በፊት፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን፣ ጸድቋል።

ደጋፊ፦ ሚዛን የለም ማለት የቆየ ክርክር ነው። ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በለንደን አዲስ ቤት እንዳይሠራ፣ ከስንዴም ስታርች እንዳይወጣ በአዋጅ ሊከለክሉ ፈልገው ነበር። ዳኛው ኤድዋርድ ኩክና ባልደረቦቻቸው በ1611 የሰጡት መልስ ንጉሡ የአገሩ ሕግ ከሚፈቅድላቸው በቀር ልዩ ሥልጣን የላቸውም የሚል ነው። ወሰን ያለው ነገር ደግሞ ወሰኑን የሚያስከብርለት ይሻል። አምስት ሳምንት ከተቻለ አምስት ወር የሚከለክለው ማን ነው? የተዘጋ ፓርላማ በመንግሥት ላይ እምነት እንደሌለው ድምፅ ሊሰጥ አይችልም፤ ኮሚቴ አይቀመጥበትም፣ የጽሑፍ ጥያቄ እንኳ አይቀርብበትም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ መዝጋቱ የፓርላማውን ሕግ የማውጣትና መንግሥትን የመቆጣጠር ተግባር ያለ በቂ ምክንያት የሚያሰናክል ከሆነ ሕገ ወጥ ነው አለ።

ምክንያቱስ ምን ነበር? ለንግሥቲቱ ንግግር፣ ማለትም አዲስ የፓርላማ ዘመን ሲከፈት የመንግሥት ዕቅድ ለሚነበብበት ንግግር፣ ዝግጅት ነው ተባለ። እንዲህ ላለው ዝግጅት ግን ከአራት እስከ ስድስት ቀን እንደሚበቃ ማስረጃ ቀርቧል፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀርም አምስት ሳምንት የፈለገ መንግሥት እንደማያውቁ በጽሑፍ መስክረዋል። ከመንግሥት ወገን ግን አምስት ሳምንት ለምን እንዳስፈለገ በመሐላ ቃሉን የሰጠ አንድም ሰው አልተገኘም። ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ ቃሉን ከነፈገ፣ ዳኛ ያንን ዝምታ ምን ብሎ ይተርጉመው?

ተቃዋሚ፦ ማስረጃው ደካማ እንደነበር አምናለሁ። ነገር ግን ወዳጄ፣ የሥልጣንን ወሰን መለካትና አጠቃቀሙን መመርመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ ሁለተኛውን እያደረገ በፊተኛው ስም ጠራው። ወሰኑ በምክንያቱ በቂነት የሚለካ ከሆነ ልዩነታቸው የት ላይ ነው? የ1689ኙ የመብቶች ሕግ አንቀጽ 9 በፓርላማ ውስጥ የሚከናወነውን ሥራ ፍርድ ቤት እንዳይጠይቀው ይከለክላል። መዝጊያው ሥነ ሥርዓት ደግሞ የተፈጸመው እዚያው በሎርዶች ምክር ቤት ነው። ዳኞቹ ግን የመዝጊያውን ትእዛዝ ያመጡት የንግሥቲቱ መልእክተኞች ባዶ ወረቀት ይዘው እንደገቡ ቆጠሩት። ምሳሌው ያምራል፤ ሕግነቱ ግን አልታየኝም።

ደጋፊ፦ አንቀጽ 9 የሚጠብቀው ፓርላማው የራሱ ያደረገውን ሥራ ነው። ይህኛው ከውጭ የመጣበት ትእዛዝ ነው፤ አባላቱ አልተወያዩበትም፣ ድምፅም አልሰጡበትም። ፓርላማን ከዳኛ ለመጠበቅ የወጣ ድንጋጌ ፓርላማን ዝም ላሰኘው አስፈጻሚ መደበቂያ ሲሆን ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይገርመኛል።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያውስ በ2022 የወጣውን ሕግ ይመልከቱ። ፓርላማ የመበተንን ሥልጣን ለዘውዱ ሲመልስ፣ ፍርድ ቤት እንዳይመረምረው በአንቀጽ 3 በግልጽ ዘግቶታል። የ2019ኙ ፍርድ ምን ያህል እንዳሳሰባቸው ከዚህ በላይ ምን ይናገር?

ደጋፊ፦ ያው ሕግ ስለ መዝጋት ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዳኛን ማገድ የሚያውቅበት ፓርላማ ይህን በር ሳይዘጋው ካለፈ፣ ከ2019ኙ ፍርድ ጋር መኖርን መርጧል ብዬ እወስዳለሁ።

ተቃዋሚ፦ ወይም ገና አልደረሰበትም።